ተዘቅዝቆ የቆመው ሰውዬ

መስከረም 14

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህች ደብዳቤ በደህና ቀን፣ በደህና ጤና ታግኝዎት። እኔ ከብርዱ በስተቀር ምንም አልሆንኩም።

ይህ ደግሞ ማነው እንዳይሉ፣ የሂሳብ አስተማሪው ልጅ ነኝ። አባቴና እናትዎ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት እርስዎ ቤት ስከርም ጥያቄ ስላበዛሁብዎት «ልጅ ለምን» ብለው ስም አወጡልኝ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ በሱ ነው የሚጠራኝ።

ጥያቄው እንጀራ ሆኖልኝ እዚህ በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና አስተምራለሁ። ብዙ ዓመት የደከምኩበትን መጽሐፍ ጨርሼ ለአሳታሚ ብሰጥ፣ አሳታሚዋ ጠራችኝና «ጥሩ ነው፤ ግን ከአንተና ከአራሚው ሌላ ማን ይረዳዋል?» አለችኝ። በኋላ ስሰማ አራሚውም አልገባውም።

መጽሐፉ የሚለው ባጭሩ ይህንን ነው፦ የምናየው ዓለምን ራሷን አይደለም፤ የምናየው ከዓለም ተነስቶ ወደ እኛ የደረሰውን ብቻ ነው። አሳታሚዋ ይህንን ነገር ተራው ሰው በዓይኑ እንዲወደው አድርገህ አምጣው ብላኛለች። «አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ገልጦ ሲያየው አውቶቡሱ ያምልጠው» ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ ከቃል ሌላ ምንም አላውቅም። እርስዎ ፎቶ አንሺ ነዎትና ሐሳቡን የሚያሳዩ ፎቶዎች ቢያነሱልኝ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ከዚሁ ጋር ልኬአለሁ።

እጅ እነሳለሁ።
ልጅ ለምን


ጥቅምት 20

ለልጅ ለምን፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አለን። ወገቤ አልፎ አልፎ ይይዘኛል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ብርዱን ያቅልልህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው።

የላክህልኝን ገጽ ለባለ ሻይ ቤቷ አነበብኩላት። ጎረቤቴ ናት፤ ግቢያችን አንድ ነው። እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታዲያ ቀጠሮው ለመቼ ነው?» አለችኝ። የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሏት ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አልገባኝም ነበር። ግን «ወደ እኛ የደረሰውን ብቻ ነው» የምትለዋ ቃልህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ፊልም የማጥብበት ጨለማ ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ በጣውላ ደፍኜዋለሁ። ጣውላውን በመሰርሰሪያ የአዝራር ቀዳዳ በምታክል ነገር በሳሁት። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ በሩን ዘግቼ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ተቀመጥኩ።

አንተ ልጅ! መንገዱ በሙሉ ከነቀለሙ ግድግዳዬ ላይ ወጣ፤ ግን ተዘቅዝቆ። ሰማዩ ወለሉ ጋ፣ አስፋልቱ ጣሪያው ጋ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ጋራዥ በአናቱ እየሄደ ጎማ ሲያንከባልል አየሁት። ድምፅ የለ፣ ምን የለ፤ ዝም ብሎ ይንከባለላል።

አሁን ሰው ይመጣል። አስቀምጣቸዋለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ያችን አንዲት ዐረፍተ ነገርህን በጨለማው ውስጥ አነብላቸዋለሁ፤ ሌላ አልጨምርም። ባለ ጋራዡ ሠራተኞቹን ይዞ መጣና በሳቅ ፈረሱ። ጡረታ የወጡት ዳኛ ግን ብዙ ቆይተው «ስንቱን ሰው ‹አየሁ› ባለ ምስክር ፈርጄበታለሁ» አሉና ባርኔጣቸውን ረስተው ወጡ።

ፎቶ ነበር የጠየቅከኝ፤ እኔ ክፍል ሰጠሁህ። ይሆንሃል?

እትዬ


ኅዳር 17

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ወገብዎንም ይማርልኝ።

ደብዳቤዎን ለአሳታሚዋ ተርጉሜ አነበብኩላት። ዳኛው ጋ ስደርስ ብዕሯን አስቀመጠች። እኔ በብዙ መቶ ገጽ ያልቻልኩትን እርስዎ በአንድ ቀዳዳ አደረጉት። ተማሪዎቼ ፊት ስቆም የሚያዛጋ እንጂ ባርኔጣውን የሚረሳ ሰው አይቼ አላውቅም።

አሁን የምለምንዎት፣ ሰዎቹ እዚያ ተቀምጠው መንገዱ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ያንሱልኝ። ሐሳቡ የሰው ፊት ላይ ይታይ። ቢቻል ቶሎ ቢሆን፤ የሥራ ውሌ የሚታደሰው መጽሐፉ ሲወጣ ነው፣ አለቆቼም መጠየቅ ጀምረዋል።

አክባሪዎ
ልጅ ለምን


ታኅሣሥ 23

ለልጅ ለምን፣

ጤናህ እንዴት ነው? ውልህንም ያድስልህ፤ አሳዳሪህ አያሳፍርህ።

ፎቶ ማንሳቱ ቀላል አልሆነም። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት። ባለ ሻይ ቤቷ ወሬ ትዝ ይላትና ሦስት አፍንጫ አውጥታ ትወጣለች። ባለ ጋራዡ አስነጠሰው። የሆነልኝ በአንዲት ሴት ብቻ ነው።

እዚህ ጤና ጣቢያ አዲስ የገባች ነርስ ናት። ሰፈሩ «ዝምተኛዋ» ይላታል። ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ትመጣና ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ምን አግኝተሽበት ነው ብላት፣ «እዚህ እኔ አያቸዋለሁ፤ እነሱ አያዩኝም» አለችኝ። ያን ያህል ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ፎቶዋን አይተህ ፍረድ። ዛፉ ተዘቅዝቆ ግንባሯ ላይ፣ አንድ ብስክሌተኛ ጉንጯ ላይ አርፏል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ፎቶ አላነሳሁም። እሺ ስትለኝ ግን አንድ ነገር አስማለችኝ፦ ለማንም እንዳላሳይ። ምክንያቷን አልጠየቅኳትም፤ እንዲህ የሚል ሰው ምክንያት አለው። አንተ ግን ሐሳብህ ምን እንደሠራ ማየት አለብህ ብዬ ልኬልሃለሁ። መሐላዬን ላንተ ብቻ ነው ያላላሁት። አደራ፤ ለዓይንህ ብቻ ነው። ለመጽሐፉ የሚሆን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

እትዬ


ጥር 29

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን አሉልኝ? እኔ ሥራ በዝቶብኝ እንጂ ደህና ነኝ።

ምን እንደምልዎት አላውቅም። ፎቶዎቹ እዚህ በጣም ተወደዋል። መጽሐፉ ለፀደይ ይደርሳል ተብሏል፤ ውሌም ያለ ችግር ይታደሳል። አሳታሚዋ ክፍሉን ራሱን በትልቅ አዳራሽ ብንሠራውስ እያለች ነው። የጣውላውን ውፍረትና የቀዳዳውን ስፋት ቢልኩልኝ?

ቸኩዬ ነው የጻፍኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅ ለምን


የካቲት 24

ልጅ ለምን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የኔን ሰላም ተወው።

«ፎቶዎቹ» ትላለህ። እኔ የላክሁልህ አንድ ፎቶ ነው።

ሰሞኑን ግድግዳዬ ላይ አንድ ሰውዬ ይቆማል። ከጋራዡ አጥር ሥር፣ ግራጫ ኮት ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በአናቱ ተዘቅዝቆ። ሌላው ሁሉ ይሄዳል፤ እሱ አይሄድም። መጀመሪያ ቀን ሰው ይጠብቃል አልኩ። ሁለተኛም መጣ። በሩን ከፍቼ ስወጣ የለም። ተመልሼ ገብቼ ስዘጋ አለ። እንግዲህ አበድኩ ወይ ብዬ ባለ ሻይ ቤቷን ጠየቅኳት። «ግራጫ ኮት? እኔ ጋ ሻይ አዞ ሳይጠጣ የሚሄደው ነው» አለችኝ። ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ አውጥቶ «ይህ ፎቶ ቤት የትኛው ነው?» ብሎ ጠይቋታል። እሷም ምን ታድርግ፣ በጣቷ አሳየችው።

ዝምተኛዋ ግድግዳው ላይ ስታየው ደርቃ ቀረች። «ባሌ ነው» አለችኝ። አምልጣው ነው እዚህ የመጣችው። ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ። የጣት ምልክት መሰለኝ፤ ጠጋ ብዬ ሳየው የተቃጠለ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። «መንገድ ላይ ቆሞ ማየት ወንጀል አይደለም እናቴ» አሉኝ።

ከሱ ይልቅ ግን እሷ ናት የምታስፈራኝ። በማግስቱ በጓሮው በር ተመልሳ መጣች። ምነው አልቀረሽ ብላት ፈገግ አለች። «እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ ያነበቡልኝ? የምናየው ራሱን ነገር አይደለም። እሱ እዚያ የለም፤ ስዕል ነው» አለችኝ። አሁን ሰውየው ሲመጣ ትስቃለች። ያ ሳቅ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ለፍቶ ሐሳብ ያሳመረ ሰው፣ ሌላው ውስጡ ገብቶ እንዲደበቅበት ነው እንዴ የሚያሳምረው?

ምን ልበላት? ደግሞስ ፎቶውን ለማን አሳየኸው?

እትዬ


መጋቢት 19

ለተከበሩ እትዬ፣

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርዎት፤ ያችንም ሴት ይጠብቃት። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንዳንዴ ሰው ያለ ምክንያት ይቆማል፤ መጽሔቱም ሌላ መጽሔት ሊሆን ይችላል። ስለ እሷ ግን ትክክል ነዎት። ዐረፍተ ነገሬ ጎዶሎ ነበር። ስጽፈው እንዲያምር ብዬ ግማሹን ቆረጥኩት። እባክዎ ይህንን ይንገሯት፦ ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን እዚያ ከመድረሱ በፊት የሰውየውን ኮት ነክቶ ነው የመጣው። ኮቱ ባይኖር ብርሃኑ በዚያ መልክ አይመጣም። ስዕሉ በእኛና በዓለም መካከል የተሰቀለ መጋረጃ አይደለም፤ ዓለም ራሷ በቀዳዳው ስትገባ ነው። ማየት በሩቁ መነካት ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ካለ ውጭም አለ። ትፍራ። መፍራቷ ልክ ነው።

ይህንኑ በመጽሐፉ ውስጥ በአራት ገጽ አስፋፍቼዋለሁ፤ ቅጂው ከዚሁ ጋር አለ።

አክባሪዎ
ልጅ ለምን


ሚያዝያ 6

አንድ ጥያቄ ጠየቅኩህ። አራት ገጽ ላክህልኝ።

ለማን አሳየኸው?


ቴሌግራም፣ ሚያዝያ 20

ለአሳታሚዋ ሰጠሁ። መጽሔት ላይ ወጣ፤ መጽሔቱ እዚያም ይሸጣል። የፎቶ ቤትዎ ስም ከሥሩ አለ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሴትየዋ ዛሬውኑ ከዚያ ትውጣ።


ሚያዝያ 27

ልጅ ለምን፣

በሕይወት አለን። መጀመሪያ ይህንን እወቅ።

ቴሌግራምህ የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው አፍ አውጥቼ መናገር አልቻልኩም።

ቀን ነው፤ ጠራራ ፀሐይ። እኔና እሷ ብቻ ነበርን። የኮቱን ነገር ነግሬያታለሁ፤ ራሷን ነቀነቀች እንጂ ገብቷት አይመስለኝም። ሰውየው ቦታው ላይ አለ፤ ተዘቅዝቋል። ወደ እኔ ዘንበል አለችና «አዩት? እንኳን ሊነካኝ በእግሩ መቆም አቅቶታል» ብላ ሳቀች።

ያኔ መንገዱን መሻገር ጀመረ። ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ሲመጣ አይቼው አላውቅም ነበር። እየቀረበ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ላይ ያድጋል። እግሩ ወደ ጣሪያው ወጣ፣ አናቱ ወደ ወለሉ ወረደ። ፊቱ ወንበራችን ጋ ሲደርስ ደበዘዘ። ከዚያ ኮቱ ብቻ ግድግዳውን ሞላው። ከዚያ ጨለመ።

መዳፉን ቀዳዳው ላይ አድርጎት ነው። ትንፋሹ በጣውላው በኩል ይሰማል።

ሳቋ ቆመ። እጄን አንቃ ያዘችው። በጨለማው ውስጥ ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ ስዕል ከሆነ ለምን ጨለመ?» አለችኝ።

ይዣት ተነሳሁ። 

እሱ ተናገረ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የታመመ ልጅ የሚያባብል ነው የሚመስለው። «እኔ ነኝ። ነይ፣ ቤታችን እንሂድ።»

የፎቶ ቤቱ የመንገድ በር ክፍት እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ዞር ቢል ገባ ማለት ነው። ጨለማው እስካለ ድረስ ግን እሱ ቀዳዳው ጋ ነው። ብርሃን ከመጣ ተንቀሳቅሷል። በዕድሜዬ ብርሃን እንዳይመጣ የለመንኩት ያን ቀን ነው። ጆሮዋ ላይ «በጓሮ፣ በሻይ ቤቱ ማድቤት» አልኳትና ገፋኋት። እኔ ቀዳዳው ጋ ሄጄ፣

«ማን ልበል?» አልኩት።

«ባሏ ነኝ።»

«የማን?»

«የሚያውቋት ሴት። ከጎንዎ ናት።»

«ከጎኔ ያለው ባልዲ ነው። ፊልም እያጠብኩ ነው የኔ ጌታ፤ እጅዎን እንዳያነሱብኝ። ብርሃን ከገባ የሰው ሠርግ ይበላሽብኛል።»

ይህ ውሸት እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። እጁን አላነሳም! ጨዋ ሰው ነው እኮ፤ አነጋገሩ፣ አለባበሱ። የሰው ሠርግ ማበላሸት አልፈለገም። እኔም ስለ ሠርጉ ዝም ብዬ ቀባጠርኩ፤ ሙሽራው አጭር ነው፣ ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እያልኩ።  ከኋላዬ የጓሮው በር ሲጢጥ ሲል ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ሰምቷል። ብርሃኑ ተመለሰ። መንገዱ ተዘቅዝቆ ግድግዳዬ ላይ ወጣ፤ ፀሐይ፣ ዛፍ፣ ባዶ አጥር። ሰውዬው የለም። ልጅ ለምን፣ ባዶውን መንገድ ሳይ ያኔ ነው ሽንቴን መቆጣጠር ያቃተኝ። ዕድሜዬን አስበውና አትሳቅ።

ወደ ፊተኛው ክፍል ስወጣ ሰውየው ቆሟል። የተቀደደውን ገጽ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶታል። ፊቷ፣ ዛፉ፣ ብስክሌተኛው፤ ከሥሩ የቤቴ ስም። እጄ ያነሳውን ፎቶ አወቅሁት። ያምራል። እንደዚያ መጥላት የምችል አይመስለኝም ነበር።

«ጥሩ ፎቶ ያነሳሉ» አለኝ። «እኔንም ያንሱኝ። ስትመጣ ይስጡልኝ፤ ሳትጠጋ ታየኝ።» የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ክራቫቱን አስተካከለ። አነሳሁት። «አገጭዎን ትንሽ ወደ ግራ» አልኩት። «አሁን ወደ ቀኝ።» ከአፌ የሚወጣው የየቀኑ ቃል ነው። እሷ በዚያች ሰዓት የት እንደደረሰች አስባለሁ፣ ደግሜ አነሳዋለሁ።

ባለ ጋራዡ ሦስት ሠራተኞቹን አስከትሎ ገባ። ባለ ሻይ ቤቷ ልካቸው ነው። እጃቸው ግራሶ በግራሶ፣ አንዱ የጎማ መፍቻ ይዟል። ባለ ጋራዡ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየውና «ጉርድ ፎቶ ልንነሳ ነበር፤ ወረፋ አለ?» አለ። ሰውየው ተነሳ፣ ወንበሩን በመሀረቡ ጠረገ፣ አመስግኖኝ ወጣ። ማመስገኑ እስካሁን ይቀፈኛል።

እሷ በዚያው ቀን ሄደች። ዳኛው ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ጻፉላት፤ የሰውየውን ፎቶ አባዝቼ አንዱን ከማመልከቻው ጋር አያያዝን፣ ሌላውን ለጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ ሌላውን ለአውቶቡስ ጣቢያው ሰጠን። ፎቶ ሲያዩ ማን እንደሆነ ያውቁታል፤ ስዕል ብቻ ነው ያለ የለም።

እትዬ


ግንቦት 25

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለማለት አፍ የለኝም። በሕይወት ስላሉ አምላክ ይመስገን።

ጥር ላይ ስጽፍልዎት መጽሔቱ ወጥቶ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ እያየሁት ነው የቀዳዳውን ስፋት የጠየቅሁዎት። አሳታሚዋ ስታየው «ይህ ፊት መጽሐፉን ለሁሉም ሰው ይከፍታል» አለች፤ እኔም አደራዎን ባላነበበ ሰው አንደበት እሺ አልኩ። የእርስዎ የካቲት ደብዳቤ ሲመጣ እውነቱን አውቅ ነበር። ፈርቼ ነው በፍልስፍና የመለስኩልዎት።

ፎቶውን ከመጽሐፉ ሽፋን አስወጥቻለሁ። አሳታሚዋ «ያለ እሱማ እንደ ድሮው የማይነበብ መጽሐፍ ነው» አለችና ኅትመቱን አቆመችው። ውሌም አልታደሰም። ይገባኛል።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ያለችበትን ቢነግሩኝ፣ ራሴ ጽፌ ይቅርታ ልጠይቃት።

ልጅ ለምን


ሰኔ 30

ለልጅ ለምን፣

ጤና ይስጥህ። ሌላ ሥራም ያግኝልህ፤ ይህንን ከልቤ ነው የምልህ።

ይቅርታህን ጽፈህ ለኔ ላከው። እንዲደርሳት አደርጋለሁ። የት እንዳለች ግን አልነግርህም። አትቀየመኝ። እኔም ቂም ይዤ አይደለም፤ ዘመዴ ነህ። ግን አልነግርህም።

እኔም ከጥፋቱ አለሁበት። ለዓይንህ ብቻ ብዬ ስልክልህ ማሳየቴ ነበር። እሷ «ለማንም አያሳዩ» ነበር ያለችኝ።

ክፍሉን ልዘጋው ነበር። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም፤ ዳኛው ደግሞ የኮቱን ነገር በየቀኑ ካላነበብሽልን አሉ። ስለዚህ አሁን ሁለቱንም አነብላቸዋለሁ፤ የመጀመሪያዋን፣ ቀጥሎ ያችን የቆረጥካትን። የመጀመሪያዋን ሲሰሙ ይገረማሉ። ሁለተኛዋን ሲሰሙ ዝም ብለው ግድግዳውን ያያሉ፤ አንዳንዱ ዞር ብሎ ቀዳዳዋን ያያል።

ትናንት አንድ ሰው ከጋራዡ አጥር ሥር ቆመ። ግራጫ አልለበሰም። ቢሆንም የጀመርኩትን ቃል ሳልጨርስ አቋረጥኩ፤ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ በጨለማው ወደ እኔ ዞሩ። አውቶቡስ መጣ፤ ተሳፈረና ሄደ።

ከትናንት ጀምሮ የመንገዱን በር ሳልቆልፍ ለማንም አላነብም።

እትዬ